ወፍጮ ቤት የሚነበብ ወረቀት

ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው ማተሚያ ቤት ሥራ የጀመርሁ ቀን ጋሽ ፈንታ የሰጡኝ ሥራ የምርጫ ወረቀት ነበር። ጋሽ ፈንታ የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ማሽኒስቱም አራሚውም እሳቸው ነበሩ። እኔ የተቀጠርሁት ለትየባ ነው። ማመልከቻና የሠርግ ጥሪ እተይባለሁ ብዬ ስገባ፣ አንድ የወረዳ ምክር ቤት ተወዳዳሪ በእጁ የጻፈውን ሦስት ገጽ ይዞ ቆሟል። ጋሽ ፈንታ ወረቀቱን ተቀብለው ለእኔ አቀበሉኝና በግማሽ ገጽ እንዳደርገው አዘዙኝ።

አነበብሁት። የተወለደበት፣ የተማረበት፣ ሥልጠና የወሰደበት ሁሉ ተዘርዝሯል። ከዚያ ቆራጥ ነው፣ አርቆ አሳቢ ነው፣ ሕዝብ ወዳድ ነው ይላል። የትኛውን ላውጣ ብዬ ብጠይቀው ምንም እንዳይወጣ፣ ፊደሉን ብቻ እንዳሳንሰው ነገረኝ። እኔም እሺ ብዬ አሳነስሁት። ጋሽ ፈንታ የማረሚያውን ቅጂ ራቅ አድርገው ያዙና መራጩ ሁሉ መነጽር አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ታትሞ ሲያልቅ ከእሽጉ ጋር አብሬ እንድሄድና ሲነበብ እንዳደምጥ አደረጉ። የሥራዬ ትምህርት ቤት እሱ ሆነ።

እኛ አገር የምርጫ ወረቀት ለብቻ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። ይነበብለታል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ መቀስቀስ በሕግ ክልክል ነው፤ ገበያ ላይ ደግሞ ማንም ማንንም አይሰማም። ሰው ሥራ ፈትቶ የሚቀመጠው ወፍጮ ቤት ነው፤ ወረፋ እስኪደርሰው ድረስ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። እዚያ ፊደል የቆጠረ አንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ዲያቆን፣ ይነሳና ከናፍጣ ሞተሩ ጩኸት በላይ እየጮኸ ያነብላቸዋል።

ዳባት አቅራቢያ ባለ ወፍጮ ቤት የዚያን ተወዳዳሪ ወረቀት ሰማሁት። ዲያቆኑ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ይዞ ሲወርድ ትንፋሹ አለቀ። መሐል ላይ ቆመ፣ እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ቆመ። ቆራጥና አርቆ አሳቢ የሚለው ላይ ሲደርስ አንድ ሽማግሌ ይህን ያለው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ራሱ ነው ተባሉ። ሽማግሌው ራሱን እንዲህ አድርጎ ካደነቀ እኛ ምን እንጨምርለታለን አሉና ወደ ጆንያቸው ዞሩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዲያቆኑም ወረቀቱን አጥፎ ዱቄት ጠረገበት።

ሳቃቸው ለእኔም ደረሰኝ፤ ያተምሁት እኔ ነኛ። ግን ከሳቁ በኋላ ያሉትን ልብ አልሁ። ማን አየ? ነበር ያሉት። እኛ ዘንድ ሰው ተጣልቶ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ምስክሬ እገሌ ነው ሳይል የተናገረው ነገር እንደ ወሬ ነው የሚቆጠረው። ተወዳዳሪውም ምስክር መጥራት አለበት ማለት ነው። ይህን ለጋሽ ፈንታ ብነግራቸው፣ እስቲ ሞክሪው፣ ከከሰርን አብረን ነው የምንከስረው አሉኝ።

ከዚያ በኋላ አጻጻፌን ሠራሁ። ወረቀቱ ግማሽ ገጽ ነው። ከላይ ፎቶውና የምርጫ ምልክቱ ይሆናል። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ነው፤ እኔው ራሴ ማሽኑ እየሠራ ጮክ ብዬ አንብቤ ካልወጣልኝ እቆርጠዋለሁ። ተወዳዳሪው ሠራሁ ከሚለው ነገር ሥር የምስክሩ ስምና መንደሩ ይጻፋል። የማንም ስም ደግሞ ባለቤቱን በአካል ሳላስፈቅድ አይታተምም። በስልክ ተስማምቷል የሚሉኝን አልሰማም።

ለአንድ መስመር ብዬ ደረስጌ ድረስ ሄጃለሁ። አይሱዙ ላይ ተጭኛለሁ፣ በቅሎ ተከራይቻለሁ፣ የቀረውን በእግሬ ወጥቻለሁ። ሳንቃ በር ላይ አንዱ ተወዳዳሪ የፓርኩን ጠባቂ ስካውት ምስክር አድርጊልኝ ቢለኝ፣ መሣሪያ የያዘ የመንግሥት ሠራተኛ ለማንም አይመሰክርም ብዬ በቅሎ ነጂውን አስፈቀድሁ። ሌላው ምስክሮቼ ብሎ ሦስት ሰው አስጻፈኝ፤ ሁለቱ አማቾቹ ሆነው ተገኙ፣ ሦስተኛው ከሞተ ቆይቷል። "ይህን ደግሞ ማን ሄዶ ይጠይቅልህ?" ብዬ መለስሁት። ተቆጥቶ ወጣ፤ ሌላ ቦታ አሳተመ። ይሁንለት።

እኔ ሰው ደልዬ አላውቅም። ስሜ ግን ወጣ። የዳባትን ማተሚያ ቤት አልፈው ወደ እኛ የሚመጡ ተወዳዳሪዎች በዙ። ወፍጮ ቤት ውስጥ ወረቀት ሲወጣ፣ የእትዬ ዘነበች ነው ወይ ብለው በስሜ እንደሚጠይቁ ስሰማ ኮራሁ። ምን እደብቃለሁ፣ እስካሁንም እኮራለሁ።

ከጻፍኋቸው ሁሉ የምኮራበት ግን የሲስተር የሺ ወረቀት ነው።

ሲስተር የሺ አዋላጅ ነርስ ናት። በግሏ ነበር የተወዳደረችው። ምክር ቤት መግባት የፈለገችው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ቆላው የሚወርደው ቀበሌ መኪና አይገባውም። ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ተጭና፣ ወንዶች እየተቀባበሉ ተሸክመዋት ነው ዳገቱን የምትወጣው። ሲስተር የወረዳው በጀት ሲመደብ እዚያው ተቀምጣ ለዚያ መንገድ ልትከራከር ፈለገች። የቆላው ቀበሌ ሰው ካልመረጣት ደግሞ እንደማታልፍ እሷም እኔም እናውቃለን።

ችግሩ እዚያው ቀበሌ ነበር። አቶ አድማሱ የሚባሉ ገበሬ አሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩሰው ምጥ ላይ ሳሉ ቃሬዛ ላይ ዐርፈዋል። ሲስተር የሺ ተጠርታ ዘግይታ ነው የደረሰችው። ዘግይታ ገደለቻት የሚል ወሬ ከዚያ ጀምሮ ይዞራል፤ ምርጫው ሲቃረብ ደግሞ ባሰ።

እኔ በሰላም የተገላገሉ እናቶችን ስም ይዤ ጥሩ ወረቀት ሠራሁላት። ምስክሮቹን ሁሉ ቤታቸው ሄጄ አስፈቅጃለሁ። ማረሚያውን ቅጂ አየችና አስቀመጠችው።

"የደረስሁላቸውን ብቻ ነው የጻፍሽው" አለችኝ። "ያልደረስሁላትንም ጻፊ። አድማሱ ይጠየቅ።"

አይሆንም አልኋት። ተጨቃጨቅን። የምርጫ ወረቀት የንስሐ ቦታ አይደለም፣ ተቀናቃኞችሽ ሊጽፉብሽ የሚፈልጉትን አንቺው በገንዘብሽ ልታሳትሚላቸው ነው ወይ አልኋት። ጋሽ ፈንታም ከማሽኑ ጀርባ ሆነው የእኔን ሐሳብ ደገፉ። እሷ ፍንክች አላለችም። ቀበሌው ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው፤ እሱን ከዘለልሁት የሌሎቹን ምስክርነት ማን ያምነኛል አለች። እውነቷን ነበር። ምስክር ጥሩ ብዬ ያስተማርሁት እኔው ነኝ።

እንግዲህ ስማቸው ከተጻፈ ማስፈቀድ አለብኝ። ወደ ቆላው ወረድሁ። አቶ አድማሱን ማሳቸው ላይ አገኘኋቸው፤ በሬዎቹን አቁመው ሰሙኝ። ማን እንደላከኝ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። የምጽፈውን ቃል በቃል ነገርኋቸው፤ ሰው መጥቶ ሊጠይቃቸው እንደሚችልም አልደበቅሁም። ልመለስ ነው ብዬ ሳስብ አንድ ነገር አዘዙኝ።

"የእኔን ስም ካነሳሽ የእሷንም አንሺ። ስሟን ትተው የቃሬዛዋ ሴትዮ ነው የሚሏት።"

እጽፋለሁ አልሁ። ሲጠየቁ ምን እንደሚሉ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር። እሱን ለሚጠይቀኝ ሰው እነግረዋለሁ ብለው በሬዎቻቸውን ነዱ። ዳገቱን ስወጣ ይህን አሰብሁ፦ ሰውየው ከመሰከሩባት አለቀላት፤ ያስጣልኋትም እኔ ነኝ ማለት ነው።

ወረቀቱ ከእናቶቹ ስምና መንደር ጋር እንዲህ ብሎ ታተመ፦ ወላድ ሲጠራኝ እሄዳለሁ። የጠሩኝ ይጠየቁ። አንድ ጊዜ ዘግይቼ ደረስሁ። ወይዘሮ ጥሩሰው ዐረፈች። ባለቤቷ አድማሱ ይጠየቅ። መንገድ እንዲወርድ ልከራከር፣ ምረጡኝ።

መጀመሪያ የሚነበብበት ቀን ሁልጊዜ እኔ እገኛለሁ። የቆላው ወፍጮ ቤት ሞልቶ ነበር። አቶ አድማሱም ማሽላቸውን ይዘው ጥግ ላይ ቆመዋል። ዲያቆኑ ሲያነብ ሰው እንደ ወትሮው እያወራ ነበር። ወይዘሮ ጥሩሰው የሚለው ስም ሲጠራ ጸጥ አለ። አድማሱ ይጠየቅ የሚለው ሲነበብ ዓይን ሁሉ ወደ ጥግ ዞረ። ባለወፍጮው ማንም ሳያዘው ሞተሩን አጠፋው።

አንድ ሰው፣ "አድማሱ፣ ዘግይታለች ወይስ አልዘገየችም?" አለ።

"ዘግይታለች" አሉ አቶ አድማሱ። "ሌላ ወላድ ዘንድ ነበረች፤ ከዚያ በእግሯ መጣች። መንገድ የለማ፣ በምን ትምጣ? ቃሬዛውን አንስተን ዳገቱ ላይ አንዱ ተሸካሚ ትከሻው ከዳው። የሚተካው ሰው አልነበረንም። እሷ ገብታ እንጨቱን ያዘች። ሴት ቃሬዛ ስትሸከም ያየሁት ያን ቀን ነው። ጥሩሰው ስታርፍ በሲስተር ትከሻ ላይ ነበረች። በሌላው ነገር ዋሽቼ አላውቅም፣ በሚስቴ አልዋሽም።"

እኛ ዘንድ ቃሬዛ የወንድ ሸክም ነው፤ ሴት ካሸከሙ ለወንዶቹ ነውር ነው። ተሸካሚዎቹ ይህን ነውር ፈርተው አፋቸውን ዘግተዋል፤ በዝምታቸው መሐል ያ ወሬ ሲያድግ ኖሯል። ከበሩ አጠገብ አንድ ደልዳላ ሰውዬ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ትከሻው የከዳው እሱ መሆኑን ተናገረ። ያኔ አቶ አድማሱ ማሽላቸውን አንስተው ወረፋቸውን ያዙ፤ ሞተሩም ተነሳ።

እኔ ዱቄት ለባብሼ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ከደስታም ነው፣ ከኀዘንም ነው፤ ለይቼ ልነግራችሁ አልችልም።

ሲስተር የሺ ተመረጠች፤ የቆላው ሰው አልከዳትም። ምክር ቤት ገብታ ብዙ ተከራከረች። አሁን መንገዱ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ወርዷል፤ አምቡላንስ እዚያ ይደርሳል። ከዚያ በታች ያለው ሰው ገና በቃሬዛ ነው የሚመጣው፤ እሷም ገና እየተከራከረች ነው።

ልታመሰግነን ማተሚያ ቤት በመጣች ጊዜ ግን በቁጣ ነው የተቀበልኋት። ቃሬዛ መሸከምሽን ለምን ደበቅሽኝ፣ ከላይ በትልቁ እጽፈው አልነበረም ወይ አልኋት።

"ትጽፊዋለሽ ብዬ ነዋ ያልነገርሁሽ" አለችኝ።

ጋሽ ፈንታ ከማሽኑ ጀርባ ሳቁብኝ። እኔ እንኳ እያኮረፍሁ ሳቅሁ። እውነቷን ነው፤ ከእኔ ወረቀት ቢወጣ የቅስቀሳ ወሬ ይሆን ነበር። ከአቶ አድማሱ አፍ ሲወጣ ግን ሰው አመነው።

ይህን ሥራ ለምትይዙት የምለው ይህ ነው። ተወዳዳሪው ስለ ራሱ የሚለውን ቀንሱ። ሄዶ የሚጠየቀውን ሰው ስም ጻፉ፤ የተቀየመውንም ጨምሩ። ከመጻፋችሁ በፊት ቤቱ ሄዳችሁ አስፈቅዱት። ሲጠየቅ የሚለውን ለእሱ ተዉለት።