ሠላሳ ቀን ያልተከፈተ

ነሲባ ሙሄ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ባለ አሮጌ ፎቅ ሥር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አላት። ሥራውን የጀመረችው ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በታይፕ ጊዜ ነው። ያኔ አንድ ፊደል አልመታ ቢላት፣ ጠጋኝ ከመጥራት ይልቅ ታይፑን እስከ መጨረሻው ብሎን ፈታታ መልሳ ገጥማዋለች። ፊደሉ መታ፤ አንዲት ብሎን ግን ተረፈች። ያቺ ብሎን ምን ትሠራ እንደነበር ሳታውቅ መቅረቷ እስከ ዛሬ ያስቆጫታል። እንዲህ ያለች ሰው ናት።

ከደንበኞቿ ሁሉ የምትወዳቸው ጋሽ መድኃኔን ነው። ውቤ በረሃ ተወልደው ያደጉ፣ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የአራዳ ልጆችን ቃላት ይሰበስባሉ፤ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ፣ በየትኛው ሰፈር እንደተሰማ፣ ማን ሲለው እንደሰሙ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ቃላት ልጃቸው ኤዶም ጽፋ በቴሌግራም ለነሲባ ላከች። ነሲባ ያንኑ ፋይል ከፍታ ቀጠለችበት። ጋሽ መድኃኔ ሱቁ እየመጡ፣ ከጎኗ ተቀምጠው እየነገሯት ስልሳ ያህል ጻፈች። በኋላ ጉልበታቸው ዳገት መግፋት ሲያስቸግራቸው ከቤት ሆነው ድምፅ መላክ ጀመሩ። እሷ እያዳመጠች ትጽፋለች። ሁለት መቶ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጋሽ መድኃኔ ዓይናቸውን ቀዶ ሕክምና አደረጉና ሐኪም እረፉ አላቸው። ሥራው ቆመ።

በዚያው ሰሞን የነሲባ ኮምፒውተር መጎተት ጀመረ። ከላይ ፎቅ የጥገና ሱቅ ያለው ሙደሲር ወርዶ አየላትና አንድ የማጽጃ ፕሮግራም ጫነ።

«ራሱ ነው የሚያጸዳልሽ፤ አንቺ ምንም አትነኪም» አላት።

እውነትም ኮምፒውተሩ ፈጠነ። በየሰኞው አንድ አረንጓዴ ክብ ብቅ እያለ ይህን ያህል ቦታ ተለቅቋል ይላታል። ነሲባም ደስ ይላታል። ምኑ እንደተለቀቀ አልጠየቀችም፤ በሕይወቷ ሳትጠይቅ ካለፈቻቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይኼ ነው።

ከሁለት ወር በላይ ቆይተው ጋሽ መድኃኔ ጥቁር መነጽር አድርገው መጡ።

«እህ፣ «ነቄ» የሚለው ቃል ላይ ነበርን አይደል?»

ነሲባ ፎልደሩን ከፈተች። ፋይሉ የለም። በስሙ ፈለገች፤ የለም። የጥራጊ ቅርጫቱን አየች፤ ባዶ ነው።

«ጋሼ... የለም።»

ጋሽ መድኃኔ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ «ላሽ አለ በይኛ» አሉ፤ በአራዳ አፍ ሄደ ማለታቸው ነው፤ ድምፃቸው ግን የቀልድ አልነበረም። በትራቸውን አንስተው ቀስ ብለው ወጡ።

ነሲባ ስታለቅስ አልዋለችም። አንድ ነገር ይዟታል። እዚያው ፎልደር ውስጥ የሙሽራዋ ስም ተሳስቶ የተጣለ የሠርግ ጥሪ አለ። የሲን የሚባል ሥራ ፈላጊ ልጅ በየሁለት ቀኑ እየመጣ የሚያስተካክለው ማመልከቻ አለ። እነዚህ ተርፈው ያ የጠፋው በምን ተለይቶ ነው? ማጽጃውን የጫነላትን ሙደሲርን ጠራችው።

«ዳውንሎድ ውስጥ ነው እንዴ ያስቀመጥሽው?» አለ ራሱን ይዞ። «እሱ እኮ ጥራጊ ቦታ ነው!»

«በቴሌግራም የመጣ ሁሉ በራሱ እዚያ ነው የሚገባው፤ እኔ አላስገባሁትም። ደግሞ ጥራጊ ከሆነ፣ ይኼ የሠርግ ጥሪ ለምን ተረፈ?»

ሙደሲር ጥሪውን አየ። «እኔ እንጃ ነሲባ። ፕሮግራሙን እንደመጣ ነው የጫንኩት፤ ውስጡን አላየሁም።»

የጠፋ ፋይል ይመልሳል የተባለ ሌላ ፕሮግራም ሞከረ። የተመለሰው በባዶ ሣጥኖች የተሞላ አንድ ገጽ ነው።

በማግስቱ ነሲባ ደብተር ገዛችና ሥራ ጀመረች። አሥራ ሁለት ባዶ ፋይሎች ፈጠረች። ግማሾቹን ዳውንሎድ ውስጥ፣ ግማሾቹን ሌላ ቦታ አኖረች። ከየቦታው ሦስት ሦስቱን በየቀኑ ትከፍታለች፤ የቀሩትን አትነካም። ሰኞ በመጣ ቁጥር ትቆጥራለች። አንደኛው ሰኞ ምንም አልጠፋም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። የሲን ማመልከቻውን ሊያስተካክል ሲመጣ «እህትዬ፣ ባዶ ወረቀት ትከፍቻለሽ ትዘጊያለሽ፤ ደህና ነሽ?» አላት። በአምስተኛው ሰኞ አረንጓዴው ክብ ብቅ ሲል፣ ዳውንሎድ ውስጥ ሳይነኩ የተቀመጡት ሦስቱ የሉም። የሠርግ ጥሪው የተረፈው ሙሽራዋን እያስታወሰች ለመሳቅ አልፎ አልፎ ስለምትከፍተው ነበር!

አሁን የምትፈልገውን ስላወቀች የፕሮግራሙን ሴቲንግ አንድ በአንድ ገባችበት። ከ«ተጨማሪ» ሥር ሌላ «ተጨማሪ»፣ ከእሱ ሥር በደቃቅ እንግሊዝኛ ተጽፎ አገኘችው። ዳውንሎድ ውስጥ ሠላሳ ቀን ያልተከፈተ ይጥፋ፤ ቅርጫቱም አብሮ ባዶ ይሁን። ሁለቱም ላይ ምልክት ተደርጓል። ምልክቱን ያደረገው ሰው የለም፤ ከነምልክቱ ነው የመጣው።

«ሳልጠየቅ አዎ ብዬለት ኖሯል» አለችው ሙደሲርን። ምልክቶቹን አጠፋች። ከሳምንት በኋላ ፕሮግራሙ ራሱን አደሰ፤ ገብታ ስታይ ምልክቶቹ ተመልሰው ቁጭ ብለዋል። ያን ቀን ነው በእውነት የተናደደችው። ፕሮግራሙን አስነቅላ ጣለች።

ሙደሲር ግን በጣቱ መቁጠር ያዘ። «ነሲባ፣ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ብቻ ሃያ ኮምፒውተር ላይ ጭኜዋለሁ።»

አብረው ፎቅ ለፎቅ ዞሩ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጸሐፊ ሰርክአዲስ የጠፉባትን ደብዳቤዎች ራሷ በስህተት የደመሰሰቻቸው መስሏት ለአለቃዋ ሳትናገር ሁለት ጊዜ እንደገና ጽፋቸዋለች። ሙደሲር ይቅርታ ሲጠይቃት «እኔ እኮ አረጀሁ ብዬ ነበር» ብላ ሳቀች።

ነሲባ ወደ ጋሽ መድኃኔ ቤት የሄደችው ደብተሯን ይዛ ነው። የላኩት ድምፅ ሁሉ ቴሌግራም ውስጥ እንዳለ፣ የኤዶምም አሥር ቃላት እንዳሉ፣ የጠፉት በአካል የነገሯት ስልሳዎቹ ብቻ እንደሆኑ ነገረቻቸው። ከዚያ ፋይሎቹን ሰኞ በሰኞ የቆጠረችበትን ሠንጠረዥ አሳየቻቸው። አሮጌው መምህር እርሳስ አንስተው እንደ ፈተና ወረቀት አዩት።

«ሠላሳውን ማን መረጠው?» አሉ። «ለምን ሃያ ዘጠኝ አልሆነም?»

«የፕሮግራሙን ባለቤቶች ጽፌ ጠይቄያቸው ነበር ጋሼ። ለአብዛኛው ተጠቃሚ የሚስማማ ነው አሉኝ።»

«አብዛኛው ተጠቃሚ ማነው? አግኝተውታል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነሲባ ማክሰኞና ሐሙስ እሳቸው ቤት ትሄዳለች። አዲሱ ፋይል በኮምፒውተሯም፣ በፍላሽም፣ በኤዶም ስልክም ላይ አለ። ጋሽ መድኃኔ የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ ዝም ብለው አያሳልፉም። «አቁሚው! ይኼ ሰውዬ «ፋራ»ን በዚህ እርግጠኝነት የሚናገረው ከየት አምጥቶ ነው?» ይላሉ፤ ይከራከሩታል፤ ያስደልዙታል። ከጠፉት ስልሳዎች እስካሁን አርባ አንዱን አስታውሰዋል። ለቀሩት ሲሉ በጉልበታቸው እየተቆጡ ፒያሳ ካፌ ወርደው የድሮ ጓደኞቻቸውን ይጠይቃሉ። ባለፈው ሐሙስ አንድ ቃል ይዘው ተመለሱ፤ ከስልሳዎቹ አንዱ ይሁን ወይም ጨርሶ ያልሰሙት አዲስ ቃል፣ እሳቸውም ነሲባም መለየት አልቻሉም። ጻፈችው።