የእድር ዳኛው ካሴት

ሌላው ሰው ቴምብር ይሰበስባል፤ እኔ የተረሱ የቀልድ ፊልሞች ያሉባቸውን የቪዲዮ ካሴቶች እሰበስባለሁ። ሚስቴ «ኮተት» ትላቸዋለች። በደብረ ማርቆስ የሚሠራ የቪዲዮ ማጫወቻ ዴክ የቀረው እኔ ቤት ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ በዚህም እኩራራለሁ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን አንድ ፊልም ነው። የከተማችን ልጆች ድሮ የሠሩት ሲሆን በአንድ ጉረኛ የእድር ዳኛ ላይ ያሾፋል። ዳኛው ለቀስተኛን በቁመት ያሰልፋል፤ ድንኳኑ ከተንጋደደም «አስከሬኑ አይወጣም!» ይላል። የእኔ ቅጂ ዳኛው የራሱን ቀብር ሕዝቡን ማለማመድ ሲጀምር ይቆረጣል። መጨረሻውን ሳላይ እንዳልሞት እሰጋ ነበር።

አምበር ሄጄ ድሮ ቪዲዮ ቤት የነበራቸውን ሰውዬ ጠየቅሁ። «አንድ ባለ ጃንጥላ ሽማግሌ ወሰዱት» አሉኝ። ሉማሜም አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ባለ ጃንጥላው ቀድመውኛል። ደጀን ድረስ ዘለቅሁ። እዚያ ካሴቱ የነበራት ባለሱቅ እንደተናደደች ነበር፤ «ትናንት ወሰዱት። ደግሞ አቧራውን ሳትጠርጊ ዕቃ ትሰጫለሽ? ብለው ተቆጡኝ» አለች።

እንዲህ የሚቆጣ ባለ ጃንጥላ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ። አባቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የእድር ዳኛ የነበሩ።

ካሴቶቹን ሣጥን ውስጥ ቆልፈውባቸው አገኘኋቸው።

«አባባ፣ ምን ነካዎት?»

«በእኔ ላይ እኮ ነው የሠሩት! አገር እየሳቀብኝ ልኑር?»

አሳዘኑኝ። እውነት ለመናገር እሳቸው መሆናቸው አንድም ቀን ታይቶኝ አያውቅም። «ማንም አይለይዎትም፤ የእድሩን ሰዎች ጠርተን እንሞክረው» ብዬ በስንት ልመና እሺ አሰኘኋቸው።

እሑድ ከቀትር በኋላ ሳሎኔ ሞላ። አባቴ ለመሸሽ እንዲመቻቸው ጃንጥላቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሰዉ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አንዱ «ቁርጥ የታች ሰፈሩ ዳኛ!» አለ። ሌላው «የለም፣ የላይ ሰፈሩ ናቸው» ብሎ ተከራከረ። ወደ አባቴ ዞር ያለ የለም። ተገላገሉ ብዬ ደስ አለኝ።

የቀብሩ ልምምድ ሲጀመር አባቴ ብድግ ብለው ቴሌቪዥኑ ፊት ተገተሩ።

«እናንተ ሰዎች፣ ዓይን የላችሁም? ይኸን ሁሉ ዘመን ደክሜላችሁ፣ ያ የታች ሰፈሩ ሰነፍ ነው ቀብር የሚያለማምድ? እኔ ነኝ እንጂ!»

ተዋናዩ አረማመዳቸውን አበላሽቶታል ብለውም ጃንጥላቸውን እንደ ዘንግ ይዘው ሳሎኑን እየዞሩ ያሳዩን ጀመር።

አሁን ካሴቱን ለማንም አያውሱም፣ ለእኔም ቢሆን። በየእሑዱ ራሳቸው ይዘውት ይመጣሉ፤ እዚያች ቦታ ሲደርስ ይነሡና ፊልሙ እስኪያልቅ ቴሌቪዥኑን ይጋርዱታል። መጨረሻውን እስካሁን አላየሁትም።