ትንቢት ያበላሸችው ማሽን

«ማሽኔን ማነው የነካው?»

የማሠልጠኛ ኮሌጁ ዲን አቶ ከፍያለው ከረባታቸውን እያስተካከሉ ፈገግ አሉ። «አይዞሽ ትንቢት፣ ትናንት ማታ ባለሙያ አስመጥቼ አስጠግኜልሻለሁ። እንግዳ እየመጣ የተበላሸ ማሽን እናሳይ እንዴ?»

«ያበላሸሁት እኮ እኔ ነኝ!»

ቆሽቷ አረረ። ዲላ ውስጥ የምትመራው ወርክሾፕ የመማሪያ ፋብሪካ ነው፤ ሠልጣኞቹ እዚያ እውነተኛ እሸት ቡና ይፈለፍላሉ፣ ያጥባሉ፣ ማሽኑ እምቢ ሲል ራሳቸው ይፈቱታል። ማሽን አስጠንቅቆ አይበላሽምና ትንቢት ሆን ብላ ታበላሽላቸዋለች። ትናንት የመፈልፈያውን ተሽከርካሪ ከበሮ ከፊቱ ካለው ብረት ጋር አጠጋግታ ነበር የሄደችው። ክፍተቱ ሲጠብ ማሽኑ ቅርፊቱን መግፈፉ ሳያንሰው ፍሬውንም ይሰነጥቃል፤ ሲሰፋ ደግሞ እሸቱ እንዳለ ያልፋል። ይህን ለመሸምደድ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ልኩን ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የወረደውን ፍሬ በጣት እያሻሹ፣ እየሳቱ፣ እንደገና እየሞከሩ ነው የሚደረስበት። ደስ የሚለውም እሱ ነው!

ትንቢት ጪጩ ተወልዳ ቡና ስትለቅም ያደገች ናት። ስለ ማሽን ስትማር ማሽኑ ላስቲክ ለብሶ ይቆም ነበር፤ ላስቲኩ የሚገፈፈው ባለሥልጣን ሲመጣ ብቻ ነው። ዲፕሎማዋን ይዛ ሥራ ስትጠይቅ አንዱ ቀጣሪ መፍቻ ሰጥቶ «እስኪ ይህን ፍቺ» አላት። ብሎኑን ወደየት እንደምታዞረው ግራ ገባት። ሰውየው የሳቀው ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

የዛሬው እንግዳ ደግነት የሚባል ሰው ሲሆን፣ ዱመርሶ ላይ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለው። ለለቀማው ወቅት የጥገና ሠራተኛ ሊመርጥ ነው የመጣው። ለሠልጣኞቿ ለለሚና ለሳምራ ከዚህ የተሻለ የሥራ ዕድል አልመጣም።

እንግዳው ሲገባ አቶ ከፍያለው ለኮሌጁ ቴሌግራም በስልካቸው እየቀረጹ ማሽኑን አስነሱ። ንጹህ ፍሬ ወረደ። «እንደሚያዩት እንከን የለውም።»

«ማሽንማ እኔም አለኝ፤ የቸገረኝ ሰው ነው» አለ ደግነት፣ ዓይኑ ወደ በሩ እየሄደ።

ትንቢት ማሽኑን አጠፋች። ሠልጣኞቹን ውጭ አስጠብቃ መፍቻ አነሳችና ክፍተቱን እንደገና ማጥበብ ጀመረች።

«አብደሻል? በእንግዳ ፊት!» አሉ ዲኑ በሹክሹክታ።

«ሥራዬን ልሥራበት!»

ሠልጣኞቹ ገብተው ሲያስነሱት የተሰነጠቀ ቡና ወረደ።

«ውሃው አንሶታል፣ ቲቸር» አለ ለሚ።

«የምን ውሃ? ፍሬው ተሰንጥቆ አታይም?» አለችው ሳምራ።

ለሚ ውሃውን ጨመረ። ስንጥቁ ባሰ እንጂ አልቀነሰም። ሳምራ ማሽኑን አጠፋች፤ እሱ የክፍተቱን ብሎን አላላ። ሲያስነሱት አሁን ደግሞ እሸቱ እንዳለ ተንከባለለ።

«በሬ ታሳልፍበታለህ እንዴ? ቀስ በል!»

«አንቺ ነሻ ያጣደፍሽኝ!»

ትንቢት ከማሽኑ አንድ እርምጃ ራቀች። ሳምራ ብሎኑን በጥቂቱ መለሰችው፤ ለሚ ፍሬውን አሻሸ፤ እንደገና በጥቂቱ። በመጨረሻ ንጹህ ወረደ።

ደግነት እፍኝ ዘግኖ አገላበጠው። «ሁለቱንም እወስዳለሁ። ጭቅጭቃቸውን ጨምሮ።»

«እኛ ሁልጊዜም የምናሠለጥነው እንዲህ በተግባር ነው» አሉ አቶ ከፍያለው ስልካቸውን ወደ ራሳቸው አዙረው።

ትንቢት እጇን ዘረጋች። «የወርክሾፑን ቁልፍ ይስጡኝ።»

«አሁን? በኋላ እንነጋገርበታለን።»

«አሁን። ከእንግዲህ ማታ ገብቶ የሚጠግንብኝ አይኖርም።»

እንግዳው እያየ ነበር። ዲኑ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። አላመሰገነችም።