አንቀመጥም ያሉ ሽማግሌዎች

የያዙኝ ከመምህራን ስብሰባ ስወጣ ነው። ጎፋ አካባቢ ወዳለ ፖሊስ ጣቢያ ወስደው ሴቶች ክፍል ከተቱኝ። ግድግዳው ያልበዋል፤ የሽንት ባልዲው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። የክፍሉ አለቃ ጠላ ሻጭ ነበረች። “የፖለቲካ ነሽ? የባሰ አታምጣ በይ” አለችኝና ጥግ ላይ ካለች ልጅ አጠገብ ቦታ ሰጠችኝ።

ልጅቷን የሰፈሯ ጎረምሳ ደፍሯታል። ስትታገለው ጣቱን ነክሳ ጎዳችው። እሱ በዋስ ወጣ፤ እሷ አካል በማጉደል ታሰረች። እንዲህም አለ እንግዲህ!

ጠዋት በሩ ሲከፈት ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ ቆመዋል። አባቷም መሐላቸው ነበሩ። ጎረምሳውን ካገባችው የሱም የሷም ክስ ይቀራል ነው ነገሩ። እሺ እስክትል ድረስ አንቀመጥም ብለዋል።

ፀሐዩ ከረረ። ፖሊሱም እስረኛውም ለቆሙት አዘነ።

“ሽማግሌ ታቆሚያለሽ?” አለቻት አለቃችን። “እሺ በያቸው፣ ስምሽ ይሸፈን። ከዚህ በኋላ ማን ያገባሻል?”

“እኔ መቼ ቁሙ አልኳቸው፣ እትዬ?”

ሌሎቹም እየተቀባበሉ ወተወቷት። እልህ ያዘኝ።

“ተዋት እንጂ! ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው” አልኩ።

“አንቺ ነገ ተፈትተሽ ትሄጃለሽ” አለችኝ አለቃዋ። “እሷ እዚያው ሰፈር ነው የምትኖረው።”



በመጨረሻ ልጅቷ ተጠርታ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ዘንድ ከመድረሷ በፊት ከተረኛው ፖሊስ ደጃፍ አግዳሚ ወንበሩን ብቻዋን እየጎተተች አመጣች። ሲሚንቶውን ሲፍቅ ግቢው ሁሉ ዞሮ አያት። ፊታቸው አስቀምጣው ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

“አባቶቼ፣ ደክሟችኋል፣ ተቀመጡልኝ። እኔ ግን አላገባውም።”

አንዱ ሽማግሌ መሬቱን በከዘራ መታ። ማንም አልተቀመጠም። ፈራሁላት። ይህኔ አባቷ ማንንም ሳያዩ አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ።

“ልጄ መልሷን ሰጥታለች” አሉ።

የቀሩት እያጉረመረሙ ሄዱ። እሷ በገዛ እግሯ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ክሱ አልቀረላትም፤ እኔ ስፈታ እዚያው ትቻት ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

በቀደም የጀሞ ታክሲ ውስጥ ሰዎች ስለተደፈረች አንዲት ልጅ ያወራሉ። ከፊቴ የተቀመጠች ሴትዮ፣ “በዚያ ሰዓት ውጭ ምን ትሠራ ነበር?” አለች።

“እሱስ ምን ይሠራ ነበር?” አልኳት።

ሴትዮዋ ወደ ረዳቱ ዞራ “ወራጅ አለ” አለች።