ውጫሌ የሞቱብኝ ዘመዶች

ጻፊ እንግዲህ። የምልሽን ብቻ ጻፊ፣ ከራስሽ አትጨምሪ።

ቫይረሱ ደሜ ውስጥ ከተገኘ ወዲህ ኪኒኔን የምወስደው ከውጫሌ ነበር። እዚህ ሐይቅ ከተማም ጤና ጣቢያ አለ፣ መድኃኒቱም ያው ነው። ግን ሐይቅ ላይ ማን አያውቀኝም? አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ቢያዩኝ ወሬው ከኔ ቀድሞ ሰፈር ይገባል። ከልጄ፣ ከእናትሽ በቀር የሚያውቅልኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ቀጠሮዬ ሲደርስ ነጠላዬን ዘቅዝቄ እለብስና "ውጫሌ ዘመድ ሞቶብኝ ለቅሶ ልደርስ ነው" እላለሁ። ለቅሶ የሚሄድን ሰው ማን ይመረምራል?

አንድ አክስት ገደልኩ። ቀጥሎ የአክስቴን ባል። ከዚያ የባሏን እህት። ያልተፈጠሩ ሰዎች እኮ ናቸው፤ እኔ አንድ በአንድ ጨረስኳቸው።

የረሳሁት ቅሬውን ነው። የኛ ቅሬ ሰው ሲሞት እስላም ክርስቲያን ሳይል አብሮ ይቀብራል፣ አብሮ ያስተዛዝናል። ባለፈው ክረምት ኪኒኔ ሊያልቅ ሲል፣ "ደግሞ የአጎቴ ልጅ ሞተች" ብዬ ብወጣ የቅሬው ሴቶች ደጄ ላይ ቆመዋል። አንዷ ንፍሮ ይዛለች።

"ይቺ ሴት ዘመዶቿ እያለቁ አንድ ቀን እንኳ አልሸኘናትም። ነውር ነው" ተባብለው ሁሉም ሊሳፈሩ ነው።

"ኧረ ተዉ፣ ዝናብ ነው" ብል ማን ሰምቶኝ። ብቀር ኪኒኑ ይቋረጣል፤ እንዳላቋርጥ ደግሞ ነርሷ አስጠንቅቃኛለች። ብሄድ ይሄን ሁሉ ሴት የት ወስጄ ላስለቅሰው? በመጨረሻ አጥር የምንጋራው ሙስሊሟ ጎረቤቴ፣ "እናንተ ቅሩ፣ እኔ ለሁላችንም እደርስላታለሁ" አለች።

ሚኒባሱ ላይ ከጎኔ ተቀመጠች።

"ልጆች አሏት ሟቿ?"

"አሏት መሰለኝ።"

"እቴ፣ የአጎትሽን ልጅ ቤት መሰለኝ ትያለሽ?"

ውጫሌ ስንወርድ ሻርፗን አስተካከለችና፣ "ቤቱ የቱ ጋ ነው? ለቅሶውን ከሩቅ ልጀምር ወይስ ደጃፍ ስንደርስ?" አለችኝ።

ከዚህ በላይ የት ልደርስ። "የሞተ የለም፤ ኪኒን ልወስድ ነው" አልኳት። የምን ኪኒን እንደሆነም ነገርኳት። በቃ፣ ከእንግዲህ አጥሬን አትሻገርም አልኩ በልቤ።

አየችኝ፣ አየችኝና፣ "ታዲያ ለአክስትሽ ያፈሰስኩት እንባስ?" አለች።

"ይቅር በይኝ።"

"ወላሂ ለገዛ አክስቴ እንደዚያ አላለቀስኩም።"

ከዚያ ሳቋ መጣ። መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ትንፈራፈራለች። አላፊ አግዳሚው የምታለቅስ መስሎት "አብሽሪ፣ አላህ ያጽናሽ" ይላታል። ያን ስትሰማ ይብስባታል።

እንባዋን ጠርጋ ተነሳችና፣ "ስሚ፣ ከእንግዲህ ሰው አትግደይ። አሳምሚ ብቻ" አለችኝ።

ጤና ጣቢያው አብራኝ ገባች። ነርሷን፣ "ልጄ፣ ይሄ ኪኒን እኛም አገር አለ አይደል?" አለቻት።

"አለ እማማ።"

"እንግዲያ ወደዚያ ጻፊላት። የምትገድለው ዘመድ አልቆባታል።"

አሁን የምወስደው ከሐይቅ ነው። የመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ እግሬ አልሄድ አለኝ። ጎረቤቴ ክንዴን ይዛ አስገባችኝ። አግዳሚው ሞልቷል፣ ግማሹን ሰው አውቀዋለሁ። እሷ ማንንም ሳታይ፣ "እስቲ ጠጋ በሉልን፣ ሁለት ነን" አለች።