ሲስተር ወሰንየለሽ ከችፑዱ ጀርባ

ሲስተር ወሰንየለሽ ስፖርት ዕቃ ቤት ውስጥ የተደበቀችው ስትመሰገን ልትሰማ ብላ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበራትም። ኋላ ላይ ብዙ ሰበብ ደርድራለች፤ ጃንጥላዬን ልወስድ ገብቼ ነው፣ ዝናብ ይዞኝ ነው እያለች። እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ዕድሜዋ አርባዎቹን አጋምሷል። አምቦ ተወልዳ አምቦ ያረጀች፣ ገበያ ስትወጣ ዕቃ ከመግዛቱ ሰላምታው የሚበልጥባት ሴት ናት። ከጤና ጣቢያ ተዛውራ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በነርስነት ከተመደበች ወዲህ ደረጃዋ ፈቀቅ አላለም። አብረዋት የተቀጠሩት ማስተርሳቸውን እየያዙ ሽቅብ ሲወጡ እሷ እዚያው እርከኗ ላይ ተተክላ ቀረች። «እንዲሁ እንደቆምኩ ጡረታ ሊደርስብኝ ነው» አለችና ቅዳሜና እሁድ የሚሰጠውን የማስተርስ ትምህርት ተመዘገበች። ባሏ አቶ ሀብተሥላሴ ሆዱ ወሬ የማይቋጥር ሰው ነው፤ ገና የመጀመሪያው ክፍል ሳይጀመር «ሚስቴ ማስተርስ ልትይዝ ነው» ብሎ ሰፈሩን አዳረሰ። ከዚያ በኋላ ማን ወደኋላ ይመለሳል?

ትምህርቱ ግን እንደ ወሬው ቀላል አልሆነም። በተለይ ያ ስታትስቲክስ የሚሉት! ልጇ ከሚሆን መምህር ፊት ተቀምጣ፣ መነጽሯን አውርዳ ሰቅላ፣ ሰሌዳውን ትኩር ብላ እያየች አንዲት ነገር አይገባትም። ቤት እንዳታጠና እንግዳው፣ ለቅሶው፣ ማኅበሩ አያስቀምጣትም። ስለዚህ ትምህርት ቤት ያለችውን ጠባብ የሕክምና ክፍሏን ከውስጥ እየቆለፈች ማጥናት ጀመረች። መጀመሪያ በምሳ ሰዓት ብቻ ነበር። ቀጥሎ በዕረፍት ሰዓትም። ከዚያማ ደወሉ ሁሉ ተደበላለቀባት። በሩ ሲንኳኳ ትንፋሿን ውጣ ቁጭ ማለት ለመደች። «ከባሰባት ደግማ ትመጣለች» ትላለች ለራሷ።

የክፍል ትምህርቱ ሲያልቅ የመጣው የመመረቂያ ጥናቷ ደግሞ በምን ላይ መሰላችሁ? ሴት ተማሪዎች የትምህርት ቤት የጤና አገልግሎትን ለምን እንደማይጠቀሙ! አማካሪዋ ርእሱን ሲሰማ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ «ግሩም ነው» አላት።

ጥናቱ በአምቦ፣ በጉደር፣ በግንጪና በጌዶ ከሚማሩ ልጆች ጋር የቡድን ውይይት ማድረግን ይጠይቃል። አንድ ሕግ አለው። ነርሷ የራሷን ተማሪዎች አታወያይም፤ ልጆቹ ይፈሯታልና። አጠገባቸውም አትደርስም። ስለዚህ የግንጪዋ ነርስ፣ የክፍል ጓደኛዋ ሲስተር ዶርቃስ፣ የወሰንየለሽን ልጆች ልታወያይ መጣች። ዶርቃስ በራሷ ስልክ ትቀዳለች፣ ስማቸውን እየሰረዘች በወረቀት ትገለብጣለች፣ ወሰንየለሽ የሚደርሳት ስም የሌለው ጽሑፍ ብቻ ነው።

«በይ አንቺ ሂጂ» አለቻት ዶርቃስ ልጆቹ ወደ ሕክምና ክፍሏ ከመግባታቸው በፊት። «ቡና ምናምን ጠጪ። እደውልልሻለሁ።»

ወሰንየለሽም ወጣች፤ ወጥታ አጠገቡ ያለው ስፖርት ዕቃ ቤት ገባች። ሁለቱን ክፍሎች የሚለያቸው አንድ ስስ ችፑድ ነው። የከፍታ ዝላይ ፍራሹ ላይ ተቀመጠችና ጆሮዋን አስጠጋች። «ስለኔ ምን ይሉ ይሆን? አምስት ደቂቃ ብቻ» አለች። ክፉ ይሉኛል ብላ አላሰበችም፤ ሁሉን «የኔ ቆንጆ» እያለች የምትጠራ ሴት ናትና።

«ልጆች፣ ስማችሁ የትም አይጻፍም» ስትል ሰማች ዶርቃስን። «እዚህ የምትሉት እዚሁ ይቀራል። ነርሳችሁም አትሰማም። እሺ? እንግዲህ፣ ስትታመሙ ወደ ነርሷ ክፍል ትሄዳላችሁ?»



«ነርስ አለን እንዴ?» አለች አንዷ። ሚስጥር ናት፤ ያቺ አፏ የማያርፈው። ሳቁ ፈነዳ።

«አለች እንጂ! ሲስተር ነገ ነይ!» አለች ሮዳስ፣ ቀጥላም ድምፅዋን ወፈር አድርጋ፣ «‹ምን ሆነሽ ነው የኔ ቆንጆ? ራስሽን? ቁርስ በልተሻል? ውኃ ጠጪና ክፍል ግቢ። ካልተሻለሽ ነገ ነይ።›»

«የተቆረጠ እግሬን ይዤ ብሄድ ‹እግርሽን እዚህ አስቀምጪና ነገ ነይ› ነው የምትለኝ!» አለች ሚስጥር።

ዶርቃስ እንኳ ሳቋን መያዝ አቃታት። «እሺ፣ እሺ፣ አንድ በአንድ» ትላለች እየታፈነች።

ወሰንየለሽ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ፊቷ በርበሬ መሰለ። ወጥታ እንዳትሄድ በሩ ሲከፈት ሲጢጥ ይላል። ልትቆጣ አማራት፤ በምን አፏ?

ሳቁ ሲበርድ አንዲት ቀጭን ድምፅ መጣች። ለሊሴ ናት፣ የአዴ ድንቅቱ ልጅ።

«እኔ አንድ ቀን ሄጄ ነበር። የፈተና ሰሞን ነው። ቀሚሴ ተበላሸብኝ… ያው ታውቁታላችሁ። ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ ሄጄ አንኳኳሁ። ዝም። ደግሜ አንኳኳሁ። ውስጥ ሰው አለ፤ ወረቀት ሲገለጥ ይሰማኛል። ‹ሲስተር፣ እኔ ነኝ፣ ለሊሴ› አልኩ። ወረቀቱ ቆመ። ግን አልከፈቱልኝም።»

«ከዚያስ?» አለች ዶርቃስ። አሁን አትስቅም።

«ባጃጅ ብይዝ ወንበሩን አበላሽበታለሁ ብዬ ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ። በገበያው መሃል። የሒሳብ ፈተናው አመለጠኝ።»

 ወሰንየለሽም ቀኑ ትዝ አላት። ስሟንም ሰምታ ነበር። እንዲያውም «ውይ፣ ለሊሴ ናት» ብላ አስባ፣ ገጹን በጣቷ ይዛ፣ የልጅቷ እርምጃ እስኪርቅ ጠብቃ፣ ወደ ስታትስቲክሷ ተመልሳ ነበር።

 እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሱቅ ገባችና ጥቁር ፌስታል ሙሉ ሞዴስ ገዝታ ወደ ለሊሴ ቤት አቀናች። እንደው ባዶ እጅ ይኬዳል? ልጅቷን ጓዳ ጠርቼ ልስጣት፣ ይቅርታም ልበላት ብላ ነው።

«አካም ጅርቱ ሲስተር! ሴና፣ ሴና፣ ይግቡ!» አዴ ድንቅቱ በደስታ የምትሆነውን አጣች። የልጇ ትምህርት ቤት ነርስ ቤቷ ስትመጣ ቀላል ክብር ነው? ውስጥ የለሊሴ አጎት ኦቦ ቦጂያና ሌሎች ሽማግሌዎች የዕርቅ ጉዳይ ይዘው ተቀምጠዋል። ወሰንየለሽ ፌስታሉን ከነጠላዋ ሥር ልትሸሽግ ስትል አዴ ድንቅቱ «ምን አስቸገረዎት!» ብላ ተቀበለቻት። ስኳር ወይ ዳቦ መስሏት፣ እንግዶቹ ይዩልኝ ብላ፣ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው።

ሽማግሌዎቹ ጣራውን አዩ። ኦቦ ቦጂያ ብቻ አንዱን ፓኮ አንስቶ አገላብጦ አየው።

«የሕፃን ዳይፐር ነው? እዚህ ቤት ሕፃን ተወለደ እንዴ?»

ወሰንየለሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።  የመለሰችው ለሊሴ ናት፣ ከጓዳ ብቅ ብላ።

«የትምህርት ቤት ዕቃ ነው፣ አጎቴ። የሴቶች ክበብ ተጠሪ እኔ ስለሆንኩ ሲስተር እንዳስቀምጥ አምጥተውልኝ ነው።» ሰበሰበችና ይዛው ገባች። ክበብ የሚባል ነገር ትምህርት ቤቱ ውስጥ የለም።

ለሽኝት ተከትላት የወጣችው ለሊሴ ነበረች። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቆመች።

«ሲስተር፣ ማን ነገረዎት?»

«እንዲያው… ሰማሁ።»

«ሚስጥር ናት? ሮዳስ? ከዚያ ክፍል አይወጣም ተብለን እኮ ነው ያወራነው።»

ወሰንየለሽ ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረገች የገባት። ይቅርታ ልጠይቅ ብላ ያመጣት እግሯ የሰረቀችውን ነገር ይዞ መጥቷል። ልጆቹ ሊጠራጠሩ ነው፤ እርስ በርስ ሊበላሉ ነው።

«ማንም አልነገረኝም» አለች ቀስ ብላ። «ዕቃ ቤቱ ውስጥ ነበርኩ። ከችፑዱ ጀርባ።»



«እንግዲያው ለነሱም ይንገሯቸው። እዚህ መምጣትዎን ይሰማሉ። እኔ ተናግሬ ሞዴስ የተሸለምኩ ነው የሚመስላቸው።» እንግዳ እስከ መንገድ ይሸኛል፤ ለሊሴ ግን ከአጥሩ ወዲያ አንድ እርምጃ ሳትራመድ ተመለሰች።

መደበቋንና ለልጆቹ ልትናገር መወሰኗን ለዶርቃስ ስትነግራት ስልኩ ሊሰነጠቅ ደረሰ። «አንቺ ሴትዮ ምን ነክቶሽ ነው? ዝም በይ! ጽሑፉን ጨርሼልሻለሁ፣ ያለ አምቦው ውይይት ጥናቱ ጎዶሎ ነው፤ አማካሪሽ አይቀበልሽም። አሥራ ሁለተኛ ክፍሎቹ ደግሞ ሊወጡ ነው፣ ሌላ ከየት ታመጫለሽ? ዘንድሮ ካልተመረቅሽ ደረጃውም ቀረ!»

አቶ ሀብተሥላሴ ደግሞ በዚያው ሰሞን ለምርቃቱ ሙሉ ልብስ እያሰፋ ነበር።

ቅዳሜ ልጆቹ ለማጠናከሪያ ትምህርት ሲመጡ ወሰንየለሽ ክፍሏ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዶርቃስም ቁና ቁና እየተነፈሰች ጥግ ላይ ቆማለች። ወሰንየለሽ የመግቢያ ንግግር አዘጋጅታ ነበር፤ አንዱም አልመጣላትም።

«ያን ቀን ሁሉን ሰምቻለሁ» አለች። «እዚያ ማዶ ተደብቄ። ሲስተር ዶርቃስ አታውቅም። ለሊሴም አልነገረችኝም፣ ማናችሁም አልነገራችሁኝም። እኔ ነኝ። ለሊሴ ስታንኳኳም ውስጥ ነበርኩ። ሰምቻት ነው ያልከፈትኩት።»

ሚስጥር አፏን በእጇ ያዘች። «ሁሉን?»

«ሁሉን።»

«ውይ በማርያም!» ሮዳስ ጠረጴዛው ሥር ልትገባ ምንም አልቀራት። 

«የተቀዳው ይጥፋ» አለች ለሊሴ።

«ልጄ» አለች ዶርቃስ ቶሎ ብላ፣ «ስማችሁ እኮ የለበትም፤ ለሲስተርም ምርቃቷ—»

«ይጥፋ» አለች ሚስጥርም። ሮዳስ ራሷን ነቀነቀች። ሌሎቹም አንድ በአንድ።

ዶርቃስ ወሰንየለሽን አየቻት፤ አይሆንም በያቸው እንጂ በሚል ዓይን። ወሰንየለሽ እጇን ዘረጋችና ስልኩን ተቀበለች። የተቀዳውን ድምፅ አጠፋችው፤ ዶርቃስ ገልብጣ ያመጣችላትንም ጽሑፍ እዚያው ቀዳደደችው። ከማጥፋቷ በፊት ስልኩ ሁለቴ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቃት።

«ጠፍቷል» አለች።

«እስቲ ልየው» አለች ለሊሴ።

ስልኩን ወሰደችና በጣቷ ወደላይ ወደታች እያደረገች ፈተሸች። ድምፆቹን፣ ፎቶዎቹን፣ የተጣሉት የሚጠራቀሙበትንም ሳይቀር ከፍታ አየች። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ይጠብቃታል። ወሰንየለሽ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ በሽተኞች የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታያለች።

ለሊሴ በመጨረሻ አመነች። ስልኩን ለታላቅ ሰው እንደሚሰጠው በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ለወሰንየለሽ መለሰችላት።