የሰማያዊው ቀሚስ ትርፍ

እህቴን ለካንሰር ሕክምና ይዤ በመጣሁ ቁጥር አንዲት ታካሚ ሴትዮ አገኛለሁ፤ ሁልጊዜም ያንኑ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ። ልብስ ሰፊ ናት። ወንበሩ ላይ ዘፍ ትልና ግራ እጇን ትዘረጋለች። ቀኙ የሥራ እጅ ነው፤ አታስነካም።

በደም ሥሯ የሚሰጣት ቀዩ የካንሰር መድኃኒት በወገኑ አንቲባዮቲክ ነው፤ ሥራው ግን ጉሮሮ ማዳን ሳይሆን የዕጢው ሴሎች እንዳይባዙ ማድረግ ነው። ከደም ሥር ካመለጠ ሥጋ ያቃጥላል። ስለዚህ ነርሷ አጠገቧ ተቀምጣ ስሪንጁን በእጇ ቀስ እያለች ትገፋዋለች።

«ረጋ በይ ልጄ፣ መርፌና ጥድፊያ አይዋደዱም» ትላታለች ሴትዮዋ፣ አፏ እንዳይቆስል በረዶ እየመጠጠች።

ፀጉሯ ከረገፈ ቆይቷል። ድካሙ አጥንቷ ድረስ ዘልቋል። ቀሚሱ ግን አንድም ቀን ሰፍቷት አያውቅም፤ በከሳች ቁጥር ራሷ ታጠብበዋለች።

ዛሬ ነርሷ እጅጌዋን ስትሰበስብ፣ ከውስጥ በኩል ተጣጥፎ የተሰፋውን ወፍራም ትርፍ ጨርቅ አየች።

«እትዬ፣ ይሄን ለምን ቆርጠው አይጥሉትም? አይቆረቁርዎትም?»

ሴትዮዋ ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም።

«ይቆረቁረኛል እንጂ። ከቆረጥኩት ግን፣ የወፈርኩ ቀን ከየት አመጣዋለሁ?»